ከፕሪሙ ላይ የጠረግኩት አመዳይ

ሁለተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ተምሬያለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ያልገባኝ በሁለተኛውም አልገባኝም፤ መምህራችን ፊቴን ማየት ስለሰለቸው ብቻ ወደ ሦስተኛ ገፋ አደረገኝ። እናቴ ግን በዚህ የምትታለል ሴት አልነበረችም። ጠዋት ተምሬ ከሰዓት በኋላ ታላቅ እህቷ ከምትሠራበት መሥሪያ ቤት እንድውል ወሰነች። «እሷ ትዕግሥት አላት» አለችኝ፤ «እሷም ካቃታት እንግዲህ እግዜር ራሱ ይምጣና ያስተምርሽ።»

አክስቴን እትዬ ነበር የምላት። ሥራዋ ፍሬ መሣል ነው። መሥሪያ ቤቱ ረጅም ቤት ነው፤ መስኮቶቹ ከወለል እስከ ጣሪያ ይደርሳሉ፤ ከጓሮው የችግኝ መደብ ተዘርግቷል። ውስጡ የበሰለ ፍሬና የራሰ እንጨት ይሸታል። ከጎረቤቱ ዛፍ የተለየ ዛፍ ያለው ገበሬ ፍሬውን ይዞ ይመጣል፤ አለቃው ይለካሉ፤ እትዬ በውሃ ቀለም ትሥላለች። መጀመሪያ ድፍኑን ከነተንጠለጠለበት እንጨት፣ ቀጥሎ ለሁለት ሰንጥቃ ግማሹን ከነዘሩ፤ ሁሉንም በልኩ፣ ሳታሳድግ ሳታሳንስ። ትል የበሳው ከሆነ ከነቀዳዳው፣ ወፍ የነቆረው ከሆነ ከነንቁሩ። ሥዕሉ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ከሃያ ዓመት በኋላ አንዱ ተነሥቶ «ማንም የሌለው ዝርያ አገኘሁ» ቢል መሳቢያው ይከፈትና መልሱ ይሰጠዋል።

ስለዚህ የቤቱ ሕግ አንድ ብቻ ነበር፤ በፊትህ ያለውን ሣል፣ የምታውቀውን አትሣል። ሕጉን የሚጠብቁት አለቃው ናቸው። ሠራተኛው በሌሉበት «ልኬት» ይላቸዋል፤ የብረት መለኪያቸው ከደረት ኪሳቸው ወጥቶ አያውቅም። ሻይ ሲቀርብላቸው መጀመሪያ ብርጭቆውን ይለካሉ ብሎ የዕቃ ቤቱ ሰውዬ ነግሮኝ፣ አንድ ወር ሙሉ ሻይ ሲጠጡ ለማየት በር ላይ ቆሜያለሁ።

እትዬ ገና በመጀመሪያው ቀን ፈተና ጀመረችኝ። አንድ ፖም ከመስኮቱ ሥር አስቀመጠችና፣

«እስቲ እዚህ ጎኑ ላይ ምን ቀለም ይታይሻል?» አለችኝ።

«ቀይ።»

«ቀይማ ብዙ ነው። እንደ ምን ያለ ቀይ?»

አሰብኩ። «መምህራችን ሲናደድ እንደሚቀላው ጆሮው።»

ትስቃለች ብዬ ጠበቅኩ፤ አልሳቀችም። «ጫፉ ነው ሥሩ?» አለች። ጫፉ ነው አልኳት። ከቀለም ገበታዋ ከሁለት ጉድጓድ ቀለም ጨልፋ ቁራጭ ወረቀት ላይ ቀባችና ይሄ ነው ወይ ስትለኝ፣ «ትንሽ የበለጠ ሲናደድ» አልኩ። ጨመረችበት። «አሁን ልክ ነው» ስላት ወደ ትልቁ ወረቀት ተሻገረች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራችን ይሄው ሆነ። የበር ዝገት፣ የቀጠነ ሻይ፣ የድመት ምላስ፣ ወድቄ ሦስት ቀን የሆነው የጉልበቴ ሰንበር፤ ያየሁትን ሁሉ ለፍሬ ቀለም ገበርኩት። እትዬ ግን አንድም ቀን «ጎበዝ» ብላኝ አታውቅም። «ተሳሳትሽ»ም አትልም። ትጠይቃለች፣ እመልሳለሁ፣ ትቀባለች፤ ነገ ያንኑ ትጠይቃለች። ደደብነቴን በዚህ አወቅኩ። ሰው አንድ ነገር በየቀኑ የሚጠየቀው ትናንት የመለሰው ልክ ስላልነበረ ነው እንጂ ለምን ይሆናል? የሚያጽናናኝ ግማሹ ፍሬ ነበር፤ ተሥሎ ሲያበቃ የእኔ ነው።

ሌላው የእትዬ ጠባይ ከዕቃ ቤቱ ሰውዬ ጋር ያላት ጠብ ነበር። የሚሰጣት ወረቀት ቢጫ ነው ትላለች። ትመልሳለች፤ ሌላ ይሰጣታል፤ እሱንም ትመልሳለች። ሰውዬው በሦስተኛው ቀን እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ይህ ወረቀት ቢጫ ከሆነ እኔ ሙሽራ ነኝ ብሎ ማለ። ወረቀቱን አየሁት፤ ጥርት ያለ ነጭ ነው። ነገር ግን ሥጋዬ እሷ ናት። አፌን ሞልቼ፣

«ቢጫ ነው» አልኩ።

ሰውዬው ሁለታችንንም ተራ በተራ አየና «ቤተሰቡ ነዋ» ብሎ በሩን ዘጋ።

ወረቀቱ ቢጫ አልነበረም። ቢጫው በእትዬ ዓይን ውስጥ ነበር። የዓይን ሞራ ቀስ ብሎ ሲጋርድ ዓለሙን ሁሉ በቀጠነ ሻይ ይነክረዋል፤ ነጩ ይወይባል፣ ሰማያዊው ይጠፋል። መስመሩ አልጠፋባትም፤ የፖሙን ነጠብጣብ አንድ በአንድ ትቆጥራለች። የጠፋባት ቀለሙ ነው። ይህን ለአለቃው ብትናገር ብሩሹን ተቀብለው የመሳቢያ መለያ ትጽፍ ዘንድ ያስቀምጧታል፤ ሐኪም ዘንድ እንዳትሄድ ደግሞ አባቷ፣ የእኔ አያት፣ በአንድ ዓይን ወደ ሐኪም ሄዶ በባዶ ተመልሷል። ስለዚህ ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም አለች፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅም አጠገቧ አስቀምጣ ትጠይቃለች። እኔ ተፈታኝ ነኝ ስል መነጽሯ ነበርኩ። ግን ይህን የነገረችኝ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ነው፤ እስከዚያ ድረስ እንዴት እንደኖርኩበት ልጨርስ።

ጉዱ የፈላው በፕሪም ነው።

አንዲት አሮጊት፣ እማማ ነበር ሁሉም የሚላቸው፣ ጭድ የተጎዘጎዘበት ሣጥን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ግማሽ ቀን ሙሉ በአውቶቡስ መጡ። ውስጡ አሥራ ሁለት ፕሪም አለ። ዛፉ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ከጓዳቸው ጀርባ፤ ሌላው ፕሪም ሁሉ አልቆ ሲረግፍ የሳቸው ገና ይበስላል። ዛፉ አርጅቷል። ዝርያው ከተመዘገበ ችግኝ ጣቢያው ቅርንጫፍ ወስዶ ያራባዋል፤ ካልተመዘገበ ከዛፉ ጋር ያልቃል። እማማ ይህን ሁሉ ሲያስረዱ፣ ፍሬውንም ከእንጨቱ በቀር በሌላ በምንም እንዳትነኩት ብለው ሲያስጠነቅቁ፣ እኔ ጓሮ ብሩሽ እያጠብኩ ነበር።

ስመለስ ማንም የለም፤ ቅጽ ለመሙላት ወደ አለቃው ክፍል ሄደዋል። ሣጥኑ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል። ፕሪሞቹን አየሁ፤ አዘንኩ። አቧራ ለብሰዋል። ምስኪን አሮጊት፣ ያን ሁሉ መንገድ መጥተው የሚያቀርቡት እንዲህ የቆሸሸ ነገር! እናቴ እንግዳ ፊት ያልታጠበ ፍሬ ከሚቀርብ እንግዳው ቢቀር ይሻላል ትላለች። ውሃ አላስነካሁም፣ ጥንቃቄዬ ለራሴ ታወቀኝ፤ በቀሚሴ ውስጠኛው ጠርዝ አንድ በአንድ ጠረግኳቸው። አሥራ ሁለቱም እንደ ተወለወለ ጫማ አብለጨለጩ፤ ፊቴን አየሁባቸው። ዛሬስ፣ አልኩ በልቤ፣ ዛሬስ ጎበዝ ሳትለኝ አትቀርም።

የጠረግኩት አቧራ አልነበረም። ፕሪም ከዛፉ ሲወርድ ከላዩ ስስ፣ ሰማያዊ የሚያጠላበት ልባስ አለው፤ ቤቱ «አመዳይ» ይለዋል። ጣት ከነካው ይሄዳል፤ ከሄደ አይመለስም። አንዱን ፕሪም ከሌላው የሚለየው ግማሹ ነገር እሱ ነው።

እትዬ ተመልሳ ተቀመጠች። የማታው አውቶቡስ እማማን እንዳያመልጣቸው ቸኩላለች። አንዱን ፕሪም አቆመች፣ ቀለም በጠበጠች፣ መሣል ጀመረች። ጥያቄ የለም። በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትጠይቀኝ ሣለች። ከስልሳ በላይ ፕሪም የሣለች እጅ ናት፤ በቃሏ ታውቀዋለች። አንገቴን አስግጌ ሳይ፣ እኔ ለፍቼ የጠረግኩት አቧራ ወረቀቱ ላይ ተመልሶ ይሰፍራል። ቀስ ብሎ፣ በጣም ቆንጆ ሆኖ። ክው አልኩ። ቁጣዋ ነው፤ አጥፊውን እኔን ፊት ለፊት ላለመናገር በብሩሽ እየተናገረችኝ ነው ብዬ ምላሴን ዋጥኩ።

ፍሬው ሲያብለጨልጭ አልታየሽም ወይ ብዬ ኋላ ጠይቄያታለሁ። «ታየኝ እንጂ» አለች፤ «ግን ያኔ ሁሉ ነገር ነበር የሚያብለጨልጭብኝ። የዓይኔ ነው ብዬ አለፍኩት።»

አለቃውና እማማ አብረው ገቡ። አለቃው እንደ ልማዳቸው ቀለም ከቀለም የሚያመሳክሩበትን መሐሉ የተበሳ ካርቶን አወጡ፤ ቀዳዳውን በፍሬው ላይ፣ ከዚያ በሥዕሉ ላይ፣ እንደገና በፍሬው ላይ አደረጉ። እማማ ግን ካርቶን አላስፈለጋቸውም።

«ውይ» አሉ ቀስ ብለው። «ልጆቼን ማነው ያራቆታቸው?»

እትዬ እጇን ሰዳ አንዱን ፕሪም አነሣች። አውራ ጣቷን አሻሸችበት፤ አንሸራተታት። ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ሲወድቅ አየሁ።

«እኔ ነኝ የጠረግኳቸው» አልኩ።

አለቃው ጎንበስ ብለው ዓይኔን አዩኝ። ያን ያህል ቀርበውኝ አያውቁም። ድምፃቸው ለስላሳ ነበር።

«እትዬሽ ሥላ ከጨረሰች በኋላ ነው የጠረግሽው፣ አይደል?»

«የለም» አልኩ፣ እናቴ ውሸታም አላሳደገችምና። «ሳትጀምር በፊት ነው።»

ነጩን ወረቀት ቢጫ ነው ብዬ የዋሸሁትን ግን በዚያ ሰዓት አላስታወስኩትም። አለቃው ገመድ ነበር የወረወሩልን፤ ካርቶናቸውን ሳያስቀምጡ ነገሩ ገብቷቸዋል፤ የቤቱን ሕግ ለአንዲት ቅጽበት ወደ ጎን አድርገው፣ እትዬ እንድትወጣበት ገመድ ጣሉ። እኔ እውነት ተናግሬ ቆረጥኩት። እሷን ነጻ ያወጣኋት መስሎኝ ቀና ብዬ ቆምኩ።

ውሃ ቅጂ ተብዬ ወጣሁ። በሩ ጥብቅ ብሎ አልተዘጋም፤ ጆሮዬን ጣልኩ። የእትዬ ድምፅ ዝቅ ብሎ ይመጣል፤ «ሁለት ዓመት ሙሉ» ትላለች፤ ቆይታ «ልጅቷ» ትላለች። አለቃው «ዘጠና ሁለቱም?» ይላሉ። ከዚያ «ሐኪም» የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ መጣ። ቆራርጬ ገጣጠምኩት፦ ሁለት ዓመት ሙሉ አስተምሬያት አልገባትም፣ ዘጠና ሁለት ጥያቄ ወድቃለች፣ ነገሩ ከመምህር አልፏል፣ ለሐኪም ነው የምትሰጠው።

ውሃውን ይዤ ስገባ አለቃው ጠረጴዛው ላይ ሰባት ፍሬ ደርድረዋል፤ በዚያ ሳምንት ተሥለው ገና ያልተነሡት ናቸው። አጠገባቸው ሥዕሎቹ በፊታቸው ተደፍተዋል። አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ሎሚው እንደ ምን ነው? ኮኩስ? በለሱስ ሆዱ ጋ? እኔ ከፍርሃቴ የተነሣ የመምህሩን ጆሮ ሦስት ጊዜ ጠራሁ። ስመልስ ሥዕሉን ይገለብጣሉ፣ በካርቶናቸው ቀዳዳ ያያሉ፣ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ካርቶኑን ኪሳቸው ከተቱና ለእትዬ «ይበቃል» አሏት። እትዬ በመሐረቧ ፊቷን ሸፈነች። ወደቅኩ ብዬ እኔም አለቀስኩ።

ያን ቀን የተፈተነው ሌላ ነበር። የእትዬ ዓይን ካልታመነ የሁለት ዓመት ሥራዋ፣ ዘጠና ሁለት ሥዕል፣ ከመሳቢያ ወጥቶ ይጣላል። ሰባቱ ልክ ሆነው ተገኙ፤ ዘጠና ሁለቱ ተረፉ።

የፕሪሙ ግን ቀረ፤ በቃል የተሣለ ነውና አለቃው ራሳቸው ቀደዱት። እማማ ሣጥናቸውን ይዘው ሄዱ። በሦስተኛው ቀን ተመልሰው መጡ፤ ሣጥኑ ያው ነው፣ ውስጡ ሦስት ፕሪም ብቻ። ዛፉ ላይ የቀረው ይኸው ነው አሉ፤ ከእንግዲህ ያለው የወፍ ነው። ሣጥኑን ከጭኔ አላወርድም አሉ፤ እኔንም ከነቀሚሴ ራቅ ብዬ እንድቀመጥ አዘዙ።

አለቃው ግን ወንበሬን አንሥተው ከእትዬ ጎን አደረጉት። «ትጠይቅሻለች፣ ትመልሻለሽ» አሉኝ፤ «እንደ ወትሮው።»

እማማ አለቃውን አዩ፣ እኔን አዩ። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባላል። ልጅ ያየውስ ለመዝገብ ይበቃል?»

«እናያለን እማማ» አሉ አለቃው።

እማማ አንዱን ፕሪም በእንጨቱ ይዘው አነሡት። እትዬ ብሩሿን ነከረች።

«ከሥር ምን አለ?»

«ጥቁር። ጥቁር ግን አይደለም። የቀለም ብልቃጥ ቂጥ፣ ወደ ብርሃን ሲያዩት።»

ቀባች። «ከላዩስ?»

ከላዩ ያለውን እስከዚያ ቀን አቧራ ነው ብዬ ነበር የማየው። አሁን አየሁት። «መስኮት ላይ ሲተነፍሱ» አልኩ፤ «ትንፋሹ ሊጠፋ ሲል።»

«ነጭ ነው?»

«አይደለም፤ ሰማያዊ አለበት። እንደ...» ፈለግኩ፣ አጣሁ። ከዚያ ፕሪሙን ወደያዘው እጅ ወረድኩ። «እንደ እማማ የእጅ ደም ሥር።»

ሁሉም ወደ እማማ እጅ አዩ። እማማም አዩት፣ እንደ አዲስ። ከዚያ ፕሪሙን እንደያዙ ሌላኛውን እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ፣ ከወረቀቱ አጠገብ ዘርግተው አስቀመጡት፤ እስከ መጨረሻው አላነሡትም። እትዬ ሰማያዊውን በብዙ ውሃ አቀጠነችው፤ ነጩን አልቀባችም፤ በውሃ ቀለም ነጩ ወረቀቱ ራሱ ነው፣ መተው ብቻ ነው የሚፈልገው። ይሄ ነው? ትንሽ የከሰመ። ይሄስ? የደም ሥሩ ቆዳ ሥር ሲገባ። ይሄስ? እሱ ነው። ቅጠል ያሸው ቦታ ላይ ቀጭን መስመር አመዳይ እንደሌለው ነገርኳት፤ መስመሩን አስገባች። አለቃው ተነሥተው ካርቶናቸውን ሦስት ጊዜ አወጡ፣ ሦስት ጊዜ መለሱ።

ሲያልቅ ወረቀቱን ለእማማ ሰጡ። እማማ ራቅ አድርገው ያዙት፣ አቀረቡት። «የኔ ነው» አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞረው፣ «ይሄንን ደግሞ ጥረጊና አሳይሻለሁ።»

እትዬ ጥጉ ላይ ፈረመች። አለቃው እስክሪብቶውን ከእጇ ወስደው ለኔ ዘረጉልኝ።

«ስምሽን ጻፊ» አሉ፤ «ከሥሯ።»

እኛ ክፍል ውስጥ ስም የሚጻፈው የረባሽ ነው፤ አለቃ ተማሪው ጥቁር ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፣ መምህሩ ሲገባ ያነበዋል። እንግዲህ ጥፋቴ በመንግሥት ወረቀት ላይ ለዘላለም ሊሰፍር ነው። እምቢ ማለት አልቻልኩም። በተቻለኝ መጠን አሳንሼ፣ ማንም እንዳያየው አድርጌ፣ ጻፍኩት።

በማግሥቱ እትዬ የለችም፤ ሦስት ሳምንት ጠፋች። እናቴ ሐኪም ቤት ናት ብትለኝም አላመንኩም፤ በእኔ የተነሣ ተባርራ ነው። ማታ ማታ ከእግዜር ጋር ተደራደርኩ፦ እሷን መልስልኝ እንጂ ሁለተኛ ክፍልን ለሦስተኛ ጊዜ እደግማለሁ። ቸር ነውና ያለ ክፍያ መለሰልኝ።

የመጣች ቀን ከእኔ በፊት ዕቃ ቤት ገባች። አንድ ወረቀት ወስዳ ወደ መስኮቱ ያዘችው፤ ብዙ አየችው። «ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ» አለችው። ሰውዬው ደንግጦ የማይገባትን ሁለት እሽግ ጨመረላት። ከዚያ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ብርቱካን መሣል ጀመረች። ጠበቅኩ። ጨረሰች።

«እትዬ፣ ዛሬ አትጠይቂኝም?»

«አይ» አለች ግማሹን እያቀበለችኝ፤ «ዛሬ ብዪ ብቻ።»

ተስፋ ቆርጣብኛለች ማለት ነው። ብርቱካኑን በላሁ፤ ጣፋጭ ነበር፤ ማልቀሱም መብላቱም እኩል ሄደልኝ። ትምህርት ቤት ከዚያ በኋላም ብዙ አልገፋሁ፤ ያለኝን ከመጻሕፍትና ከሰው አፍ ነው የለቀምኩት። መስማት እንደምችል ግን አውቃለሁ፤ ሰው ሲናገር የሚለው ነገር እንደ ምን ያለ እንደሆነ እስኪገባኝ አላቋርጠውም።

ባለፈው ዓመት የመሥሪያ ቤቱ ሥዕሎች ለሕዝብ ታዩ። እትዬ ሰማንያ ሦስት ሆኗታል፤ ክንዴን ይዛ ነው የዞረችው። አስጎብኚው ንቁ ወጣት ነው፤ አጉሊ መነጽር ይዞ ከሥዕል ሥዕል ያሻግረናል። የእማማ ፕሪም ጋ ስንደርስ ዝርያው ዛሬ በብዙ ቦታ እንደሚበቅል ተናገረ። ከዚያ መነጽሩን ወደ ጥጉ አስጠጋ።

«ከፊርማው ሥር ያለችውን ነጥብ ልብ በሉ» አለ። «ዝንብ ናት ብለን ነው የምናስበው። ሠዓሊዋ በፊቷ ያለውን ሁሉ ነበር የምትሥለው፤ ዝንብ እንኳ ብታርፍ አታልፋትም።»

ሰዉ ተደንቆ ተጠጋ። ልጁ ንግግሩን አሳምሮታል፣ ለምን አበላሽበታለሁ። እትዬ ግን ክንዴን ለቀቀች።

«ዝንብ አይደለችም» አለች፣ አዳራሹ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብላ። «የእህቴ ልጅ ናት።»